ዋስትና ያለው ጄሶ

እግሬ አልተቆረጠም። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ቀጥሎ የሠፈሬን ዕድር አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን ከፊት ያስቀደምኩት፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ነገር ብዙ ምስጋና ስለሌለበት ነው።

የሆሳዕና ሰው ነኝ። የአራት ልጆች እናትና የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ባጃጅ በበጋ ብቻ የሚደርስበት ሠፈር ነው። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስለ አሠራር ለውጥ ስብሰባ በሚቀመጥበት ጊዜ ነው። በክረምት፣ አንድ እሑድ፣ ከጸሎት ቤት ስመለስ ጭቃ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ቀኝ እግሬ ከሥሬ ታጠፈ። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ።

መጀመሪያ የመጡት ወጌሻ ናቸው። «ወለምታ ነው» ብለው በቅቤ አሹኝ። ስጮህ «ጥሩ ነው፣ ሲገባ ነው» አሉ። ምንም አልገባም። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሥጋው ነው የተጎዳው ተብዬ የሕመም ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ። በእነዚህ አልፈርድም። ወጌሻው የሚያውቁትን አደረጉ፣ ጤና ጣቢያውም ራጅ የለውም። ሳምንት ሊሞላ ሲል ግን ትልቋ ልጄ ሩት እግሬን እያጠበች ቆም አለች።

«እማዬ፣ አጥንትሽ ቦታው ላይ አይደለም» አለችኝ።

በዚያው ቀን ባሌ ጴጥሮስ ወደ ዶክተር ስምዖን ክሊኒክ ወሰደኝ።

ዶክተር ስምዖንን የማያውቅ የሆሳዕና ቤተሰብ ጥቂት ነው። የአጥንት ሐኪም ናቸው። ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ያላት ክሊኒክ ነበረቻቸው። ልጄ አቤል ክንዱ ተሰብሮ የዳነው እዚያ ነው። ያን ጊዜ ራጁንም፣ ጄሶውንም፣ ምክሩንም በአንድ ጠዋት ጨርሰን ወጥተናል። ጄሶውን መጀመሪያ ግማሽ ብቻ አደረጉለት፤ ከሥር ጄሶ፣ ከላይ ፋሻ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የተሰበረ ነገር ያብጣል። ሙሉውን አሁን ብዘጋው ለእብጠቱ ቦታ የለውም፤ ደሙን ያንቃል። ሲጎድል እንዘጋዋለን» አሉኝ። በሳምንቱ ዘጉት። ይህን የምጽፈው ትክክለኛውን አሠራር አስቀድመን እናውቀው ስለነበር ነው። የሚያውቀውም ሰው አልጠፋም ነበር።

ጴጥሮስ እኔን ይዞ ሲሄድ ግን በረንዳዋ የለችም። በቦታው ፎቅ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅት የዶክተር ስምዖንን ክሊኒክ፣ ዱራሜ የነበረውንና ሺንሺቾ የነበረውን የአጥንት ክሊኒክ ጠቅልሎ ገዝቷል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው አንድ ዓይነት ሰሌዳ ተሰቅሎባቸዋል። በመጠበቂያው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ቴሌቪዥኑ ስለ ራሱ ስለ ድርጅቱ ያወራል። ወገቡ የተሰበረ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ እንዴት ጥሩ ሕክምና እያገኘ እንደሆነ ይመለከታል።

«ዶክተር ስምዖንን ነው የምንፈልገው» አለ ጴጥሮስ።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ፈገግ አለች። ሁሉም እንደዚያ ፈገግ እንዲሉ ታዘዋል። «ደንበኛችን፣ ዶክተር ዛሬ ሺንሺቾ ቅርንጫፍ ናቸው። ራጅ ተነሥተዋል?»

«ለመነሣት እኮ ነው የመጣነው።»

«ራጅ ዱራሜ ቅርንጫፍ ነው።»

«ልጄን እዚሁ ነው ያነሡት!»

«እሱ ድሮ ነው፣ ጋሼ። አሁን አንድ ድርጅት ነን።»

አንድ ድርጅት መሆን ማለት ምን እንደሆነ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። ድሮ ሦስት ክሊኒክ፣ ሦስት ራጅ፣ ሦስት የጄሶ ባለሙያ፣ ሦስት ሐኪም ነበር። ድርጅቱ አንዱን ራጅ ዱራሜ አስቀምጦ ሁለቱን የት እንዳደረሳቸው አላውቅም። ከጄሶ ባለሙያዎቹ አንዱን አስቀርቶ በየከተማው ያዞረዋል። ሁለተኛው ሐኪም ለቅቋል፣ ሦስተኛው አርጅተው ቤታቸው ገብተዋል። ዶክተር ስምዖን በድርጅቱ መኪና ሦስት ከተማ ይዞራሉ። ይህንን ቅንጅት ብለውታል። ሐኪሙም ይዞራል፣ ባለሙያውም ይዞራል፤ መዞር የማይችለው የተሰበረው ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ዙር አሉት።

ስለዚህ የገዛ አጥንቴን ለማየት ከጴጥሮስ ጋር ዱራሜ ሄድኩ። መናኸሪያ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች አንሥተው ሚኒባስ ውስጥ አስገቡኝ። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየኝና «ይቺ ሴትዮ ለእግሯ ብቻ የሁለት ሰው ቦታ ያዘች» አለ።

አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ከምባታ ትመስለኛለች፣ «አንተ ባለጌ፣ የእግሯን ሒሳብ ከእኔ ላይ ቁረጥ» አለችው። ተሳፋሪው ሳቀ። እግሬን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ዱራሜ እስክንደርስ በሁለት እጇ ያዘችልኝ። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ከፍ ታደርገው ነበር። ስሟን አልጠየቅኋትም። ጌታ ያውቃታል።

ዱራሜ ላይ ራጅ ተነሣሁ። ቅልጥሜ ተሰብሯል፤ ከጎኑ ያለው ቀጭኑ አጥንትም። ፊልሙን ስጡን ብንል እምቢ አሉ። የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በድርጅቱ መኪና ሆሳዕና ይደርሳል አሉን። አጥንቱ የእኔ፣ ሥዕሉ የድርጅቱ ሆነ። መኪናው እኛ ወደምንመለስበት ከተማ ባዶውን ሊሄድ ነው። አብሬው ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ደንበኛ አይጭንም ተባልኩ።

ጄሶው ሆሳዕና የተደረገልኝ ባለሙያው የሚመጣበት ቀን ተጠብቆ ነው። አጥንቱን ስቦ አስተካከለው። ሕመሙን አልገልጸውም። ከዚያ ከጭኔ እስከ እግሬ ጣቶች ሥር ሙሉውን ጠቀለለው።

«ዶክተር ድሮ መጀመሪያ ግማሽ ነበር የሚያደርጉት» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን እኔ እዚህ የምመለሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ግማሽ ባደርገው ማን ይዘጋዋል?» አለኝ። ቢያንስ አልዋሸም።

ዶክተር ስምዖን በበሩ ብቅ አሉ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩ። «ጥሩ ገብቷል» አሉ። ጄሶውን አዩት። ሙሉ መሆኑን አዩ። የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ሄዱ።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ክራቫት ያሰረ ወጣት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ከስሙ ይልቅ ሥራው ይታወቅ። «እናቴ፣ ጄሶው ዋስትና አለው። አጥንቱ እስኪገጥም ችግር ቢኖር እኛ ኃላፊ ነን። ከእኛ ውጭ ማንም ከነካው ግን ዋስትናው ይቀራል» አለኝ።

ፍሪጅ የገዛሁ መሰለኝ።

ቤት በገባሁ በማግሥቱ ሕመሙ ጀመረ። የስብራት ሕመም አውቀዋለሁ፤ ሳምንት አብሬው ኖሬያለሁ። ይህ ሌላ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ፣ መውጫ ያጣ ሕመም ነው። ጣቶቼ አበጡ። ሊጠይቁኝ የመጡት ሁሉ አንድ የተሰበረ ዘመድ አላቸው፤ ሁሉም «ሲገጥም እንደዚያ ነው» አሉኝ። ሌሊት ልጆቹ እንዳይሰሙ ትራስ ነክሼ አደርኩ። መዝሙረ ዳዊት ልደግም ጀምሬ መሃሉ ጠፋኝ። ከሁሉ ያስፈራኝ ያ ነው።

«ጄሶውን አስከፍትልኝ» አልኩት ጴጥሮስን።

«ተከፍቶ አጥንቱ ቢወላገድስ? ዋስትናው...»

«ዋስትናው ነው የምትለኝ?»

«እኔ እግርሽን ብዬ ነው!»

«እግሬማ እያለቀሰ ነው።»

በትዳራችን እንደዚያ ተጯጩኸን አናውቅም። ጴጥሮስ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል። በማኅተምና በሰሌዳ የሚያምን ሰው ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ክሊኒኩ ሄደ። ባጃጅ በክረምት ስለማይደርስ፣ በተጠቀለለው እግሬም ጭቃውን መሄድ ስለማልችል ብቻውን ነው የሄደው። ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«ደንበኛዋ በአካል ካልቀረበች አናስተናግድም አሉ። በአካል ብትቀርብም ቀጠሮዋ ገና ነው አሉ።»

«ዶክተርስ?»

«ዱራሜ ናቸው። ስልካቸውን ስጡን ብል አይሰጥም አሉኝ። ነገ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ እዚሁ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ሥልጠና አለው።»

«የምን ሥልጠና?»

አንገቱን ደፋ። «የደንበኛ አያያዝ» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጣቶቼ አላመሙኝም። የተሻለኝ መስሎኝ አመሰገንኩ። ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጇ ተማሪዬ ነው። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እየነካሁሽ እኮ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ትልቁን ጣቴን በሁለት ጣቶቿ ቆንጥጣ ይዛዋለች። ጣቴ ቀዝቃዛና አመድማ ነው። የሌላ ሰው ጣት ይመስላል።

ነርሷ መቀስ ይዛ ጄሶውን ሞከረችው። ድንጋይ ሆኗል፤ እጇ ቆሰለ። «መጋዝ ያስፈልገዋል። መጋዙ እነሱ ጋ ነው ያለው። ዛሬ ካልተከፈተ ይህ እግር ይሞታል፤ ይቆረጣል» አለች። ሩት በር ላይ ቆማ ሰማች። ወጥታ ሮጠች።

የሮጠችው ወደ ዕድራችን ዳኛ፣ ወደ ጋሽ ላምቤቦ ነው። ጥቂት ቆይተው ከስምንት ወንዶችና ከዕድሩ ቃሬዛ ጋር መጡ። ዕድራችን አንድ ቃሬዛ ብቻ ነው ያለው፤ ሕመምተኛም በእሱ ይሄዳል፣ ሬሳም በእሱ ይሄዳል። በአገራችን ነውር የለውም። ጋሽ ላምቤቦ ጴጥሮስን ገፋ አድርገው አለፉና በሀዲይኛ «ተነሺ ልጄ፣ በአካል እንቅረብላቸው» አሉኝ።

ካፊያ ነበር። ጋቢ ከራሴ እስከ እግሬ አለበሱኝ። ወንዶቹ ተሸከሙኝ፤ የጸሎት ቡድኔ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ተከተሉ። መዝሙር ጀመሩ፤ በሀዲይኛ፣ ዝግ ያለ መዝሙር። መንገደኛው ይጠጋና «ማን ታመመ?» ይላል፤ ግማሹ ይከተላል። እንዲህ ሆነን ክሊኒኩ ደረስን።

እዚያ የሆነውን ያየሁት አይደለም፤ ከጋቢ ሥር ሆኜ የሰማሁት ነው።

ጥበቃው በሩን አልከለከለም። ከወላይታ በኩል የመጣ ልጅ ነው፣ ሰልፉን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ መሰለኝ ድምፁ ለሰለሰ። ወደ ላይ ሮጠ። ወዲያው የጫማ ኮቴ ደረጃውን እየደበደበ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ምንድን ነው? ማናት?» አለ።

«ትናንት ባሏን የመለስከው ሴት ናት» አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

ሴቶቹ መዝሙሩን አላቋረጡም። ሥራ አስኪያጁ ቋንቋውን አይሰማም። ቃሬዛውን፣ ጋቢውን፣ ነጠላውን ሲያይ ሙሾ መስሎት ኖሯል።

«እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» አለ። «ግን አባቴ፣ ድርጅቱን ሊጠይቅ የሚችል ነገር የለም። ከእኛ ስትወጣ በሕይወት ነበረች። መዝገብ አለን።»

ጋሽ ላምቤቦ ያዘኑ መሰለኝ፤ ምናልባትም ሊስቁ ነው። «ዶክተሩን ጥራልን» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

«እጠራለሁ፣ እጠራለሁ! ግቡ፣ ዝናብ ነው፣ ወደ ውስጥ ግቡ። ወንበር አምጡላቸው! ዶክተር! ዶክተር ስምዖን!»

ትናንት ዱራሜ ናቸው የተባሉት፣ ስልካቸው የማይሰጠው ሰው፣ ከላይ ከሥልጠናው ወረዱ። በሕይወት ላለሁት ለእኔ ያልተንቀሳቀሰ ቤት ለሬሳዬ ወንበር አወጣ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከጋቢው ሥር ሆኜ ንቀት በአፌ ውስጥ እንደ እሬት መረረኝ።

ጋቢው ከፊቴ ተገለጠ። ዶክተር ስምዖን ዓይኔን አዩ። ወዲያው ወደ ጣቶቼ ዞሩ፣ ጫኑ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ጫኑ። ፊታቸው ተለወጠ።

«መጋዙን! አሁኑኑ!» ብለው ጮኹ።

«እንዴ፣ አልሞተችም እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

ሰውየው ተነፈሰ። ክራቫቱን አስተካከለ። ከዚያ፣ ቃሬዛውን የያዙት ሁሉ እየሰሙት፣ «ታዲያ ቀጠሮ አላት?» አለ።

ጋሽ ላምቤቦ ጣታቸውን ወደ ወንበሩ ቀስረው «ተቀመጥ ልጄ፣ ደንግጠሃል» አሉት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እያለቀስኩ።

መጋዙ መሬቱን የሚያናውጥ ድምፅ አለው። ዶክተር ስምዖን ጄሶውን ከላይ እስከ ታች በሁለት ወገን ቀደዱት፤ ከሥሩ ያለውን ጥጥና ፋሻም ሳይቀር። ሲከፈት እግሬ ራሱ የተነፈሰ መሰለኝ። ከባቴ በኩል ቆዳው ጠቁሮ ነበር። ላባቸው ጄሶው ላይ ይንጠባጠባል።

«ዶክተር» አልኳቸው፣ «የሸጡት ቤቱን ነው ወይስ እጅዎንም?»

መጋዙን አስቀመጡ። «ቤቱን ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሆነው እሳቸው ያሉት ብቻ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ደንብ ጠቀሰ፤ ወደ እሱ ዞር አላሉም። አዲሱን ግማሽ ጄሶ በገዛ እጃቸው አደረጉልኝ። ያን ሳምንት ሺንሺቾም ዱራሜም አልሄዱም፤ ጠዋት ጠዋት በጭቃው በእግራቸው ቤታችን እየመጡ ጣቶቼን ይጫኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፣ ድርጅቱን ለቀቁ። በውላቸው መሠረት በሦስቱ ከተሞች ክሊኒክ መክፈት አይችሉም ተብሎ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። በመሸጣቸው አዝኛለሁ፤ ቢሆንም በጸሎቴ ስማቸውን እጠራለሁ።

የጠቆረው ቆዳ ቁስል ሆነ። ለመዳን ከአጥንቱ የባሰ ጊዜ ወሰደ። እዚያ ላይ ነርሷ ደከመችልኝ። ጣቶቼ በመጀመሪያ ጉንዳን እንደወረራቸው ነዘሩኝ፣ ከዚያ አቃጠሉኝ፣ ከዚያ የእኔ ሆኑ። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ አይሰማኝም። እግሬን ትንሽ እጎትታለሁ። ቆሜ አስተምራለሁ፣ ተንበርክኬ እጸልያለሁ። ጴጥሮስ አንድ ቀን ቁስሌን ሲያጥብ «ሰሌዳውን አምኜ ሚስቴን ሳላምን ቀረሁ» አለኝ። ሌላ ይቅርታ አልፈለግሁም።

በዓመቱ አካባቢ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። ካሜራ ይዘዋል። ድርጅቱ ሌላ ከተማ ላይ ክሊኒክ ገዝቶ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ በድርጅቱ የዳኑ ሰዎች ፎቶ በትልቅ ሰሌዳ ይሰቀላል። «እርስዎ ከባድ ስብራት ነበረብዎት፤ ይኸው በእግርዎ እየሄዱ ነው። በእኛ ተቋም ነው የዳኑት» አለኝ አንደኛው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው የጠቆመን አሉ። ዕድገት አግኝቶ አዲስ አበባ ተመልሷል።

አልተቆጣሁም። ሩትን ወንበር እንድታወጣ ነገርኳት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ ባቴን አሳየሁ። እዚያ የሰው መዳፍ የሚያህል ሥጋ የለም። ቆዳው ተጨማድዶ አጥንቱ ላይ ተጣብቋል።

«ይህንን አንሡት» አልኳቸው።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሣ፤ መልሶ አወረደው። «እማማ፣ ፊትዎን ነው የምንፈልገው» አለ።

«ድርጅታችሁ የሠራው ፊቴን አይደለም።»

ተያዩ። «ይህ ሰሌዳ ላይ አይወጣም» አለ ሌላው፣ ካሜራውን ወደ ቦርሳው እየመለሰ።

ስለዚህ ጻፍኩት። ጄሶ ያደረጋችሁ ሁሉ ጠዋትና ማታ ጣቶቻችሁን ንኩ። ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ፣ ሕመሙ በድንገት ቢጠፋ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሰው ሰብስቡና ሂዱ።